የአሮጌ የመንገደኛ ፉርጎን ብዙ ሕይወቶች ከራሱ ገላ ላይ እንዴት እናነባለን?

አንድ አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ እጃችሁ ገብቷል እንበል። ወይም እሱን ሊያድሱ ከተነሱ ሰዎች ጋር ተቀላቅላችኋል። ወዲያው መጥረጊያና መዶሻ ማንሳት ያምራችኋል። እባካችሁ ትንሽ ታገሱ። ያ ፉርጎ መጀመሪያ አንደኛ ማዕረግ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ሲያረጅ ወደ ሁለተኛ ማዕረግ ወርዶ፣ በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ጭኖ፣ ከዚያ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ ጎማው ተነቅሎ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ሆኖ የኖረ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሥራ አሻራውን ትቷል። አሻራውን አንዴ ጠርጋችሁ ከጣላችሁት ግን መልሳችሁ አታገኙትም።

ብዙ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ፉርጎው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መሃል ላይ ያሉት ዓመታት ናቸው ፉርጎውን እስከ ዛሬ ያቆዩት። ሥራ ያላገኘው እኩያው ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ሄዷል። ስለዚህ እዚህ የምንሠራው ከመጨረሻው ሕይወት ተነስተን ወደ መጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ከላይ ነው ያለው፣ የመጀመሪያው ከሥር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችና ቀኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ሳትነኩ ፎቶ አንሱት

ካሜራ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ የፕላስቲክ ከረጢትና የማይለቅ ማርከር ያዙ። ሁለቱን ጎን፣ ሁለቱን ጫፍ፣ ጣሪያውን፣ ሥሩን፣ ከዚያ ውስጡን መስኮት በመስኮት ፎቶ አንሱ። መስኮቶቹን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በጠመኔ ቁጥር ስጧቸው። «ግራ 4» ስትሉ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ እንዲያስብ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው ከየትኛው ጫፍ ተቁሞ እንደሆነም ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ሁለት ሰው በተቃራኒ ጫፍ ቆሞ ከጻፈ ሥራው በሙሉ ይደበላለቃል።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። አሮጌ ቀለም እርሳስ አለው ብላችሁ ተነሱ። ከግድግዳና ከጣሪያ ላሜራ ጀርባ ያለው መሸፈኛ ደግሞ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከ1951 ጀምሮ የተሠሩት የብሪቲሽ ሬይል፣ የብሪታንያ መንግሥት የባቡር ድርጅት፣ ማርክ 1 ፉርጎዎች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሰማያዊ አስቤስቶስ ተረጭቶባቸዋል፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ነው። ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይመረመር ግድግዳ አትክፈቱ፣ አትብሱ፣ በመጋዝ አትንኩ። አለበት ከተባለ የሚያነሳው ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። የፊት ማስክ አደረግሁ ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

2. መጨረሻ የኖሩበትን ሰዎች ጠይቁ

ይህን ሰዎች ወደ መጨረሻ ያዘገዩታል። መጀመሪያ መሆን ያለበት ግን እሱ ነው፤ ወረቀት ይቆያል፣ ሰው አይቆይም። ፉርጎው ቤት፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም የእህል ማስቀመጫ ከነበረ የሚያስታውስ ሰው ፈልጉ። ጥያቄው «ስለዚህ ፉርጎ ምን ታውቃላችሁ?» ከሆነ መልሱ አጭር ነው የሚሆነው። ይልቅ «ምድጃው የት ነበር? ይህን በር ማን ቆረጠው? ስትገቡ ወንበር ነበረበት? በምን ተጭኖ መጣ?» በሉ። ድምፅ ቅዱ። በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን ለየብቻ ጻፉ።

እንዲህ ዓይነቱ ሁለተኛ ሕይወት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ኤል.ኤን.ኢ.አር. የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1933 ያረጁ የመንገደኛ ፉርጎዎችን አልጋና ማብሰያ አስገብቶ፣ በትንንሽ ጣቢያዎች ጥግ አቁሞ ለእረፍት ሰዎች ያከራይ ጀመር። ሐሳቡ ስለሠራ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት። እንዲህ የተለወጠ ፉርጎ ውስጥ የምታገኙት የወጥ ቤት መደርደሪያ ታሪካዊ ዕቃ ነው፤ ቆሻሻ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

3. ቁጥሮቹን ሁሉ ሰብስቡ፣ አንዱንም ግን ብቻውን አትመኑ

ጎኑ ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ነው። ቀደም ያሉት ሌላ ቦታ ተደብቀዋል። የዋናው ተሸካሚ ብረት ጫፍ ላይ ተቀጥቅጦ የገባ ቁጥር ፈልጉ። የመስኮት ፍሬም የላይኛው ጠርዝ፣ የበር ማጠፊያው ያለበት ጎን፣ የወንበር ሥር፣ የመደርደሪያ ጀርባ ላይም ፈልጉ፤ አናጢዎች ዕቃው ወደ ቦታው እንዲመለስ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ተነቅሎ ከሆነ የፋብሪካው ታርጋ የነበረበትን አራት የምስማር ቀዳዳም ቢሆን ለኩት። የሞላላና የአራት ማዕዘን ታርጋ አሻራ የተለያየ ፋብሪካ ይጠቁማል።

ፉርጎው አውሮፓ ውስጥ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ያገለገለ ከሆነ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ይህ የዓለም አቀፉ የባቡር ሐዲዶች ኅብረት፣ የዩ.አይ.ሲ.፣ አሰጣጥ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው አኃዝ የባቡር ድርጅቱን አገር ያሳያሉ፤ 80 ጀርመን ነው፣ 81 ኦስትሪያ። የመጨረሻው አኃዝ መፈተሻ ስለሆነ ከደበዘዘ ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ ቢጠፋባችሁ እንኳ በስሌት ታገኙታላችሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከግራ ጀምራችሁ 11ዱን አኃዞች በተራ በ2 እና በ1 አባዙ። ውጤቱ ሁለት አኃዝ ያለው ከሆነ አኃዞቹን ለየብቻ ደምሩ። ለማሳያ ያህል 50 80 20 11 345 የሚል ቁጥር እንውሰድ። ስናባዛ 10፣ 0፣ 16፣ 0፣ 4፣ 0፣ 2፣ 1፣ 6፣ 4፣ 10 ይመጣል። አኃዞቹን ስንደምር 26። ቀጣዩ ሙሉ አሥር 30 ነው፣ ልዩነቱ 4። ስለዚህ 12ኛው አኃዝ 4 መሆን አለበት። ሌላ ነገር ካነበባችሁ አንዱን አኃዝ ተሳስታችሁ አይታችኋል ማለት ነው።

ቁጥርን ብቻውን አትመኑ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ታዋቂ ከሆኑት ፉርጎዎች አንዱ ቫጎን-ሊ የተባለው የመኝታና የምግብ ቤት ፉርጎዎች ኩባንያ 2419 ዲ ነው። በ1914 ምግብ ቤት ፉርጎ ሆኖ ተሠራ። በ1918 የፈረንሳዩ የጦር አዛዥ የማርሻል ፎሽ ቢሮ እንዲሆን ተለወጠ፣ የዚያ ዓመት ኅዳር 11 ላይም የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ አቁም እዚያ ውስጥ ተፈረመ። ከዚያ ወደ ኩባንያው ተመለሰ፣ ቀጥሎ ፓሪስ ውስጥ በአንቫሊድ ግቢ ለሕዝብ ታየ፣ በ1927 ደግሞ ኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ የራሱ ቤት ተሠራለት። በሰኔ 1940 ሂትለር እዚያው ቦታ አስወጥቶት ፈረንሳይን የተኩስ አቁም ስምምነት አስፈረመበት፣ ወደ በርሊንም ወሰደው። በ1945 ጀርመን ውስጥ ወደመ። ዛሬ ኮምፒየኝ ሄዳችሁ 2419 ዲ የሚል ፉርጎ ታያላችሁ፤ ያ ግን የዚያው ተከታታይ ወንድም የሆነው 2439 ዲ ነው፣ በ1950 ቁጥሩ ተቀይሮ የቆመ። እዚያ ማንም አልደበቀውም። በሌላ ቦታ ግን የቁጥር ቅያሪ ሳይነገር ቀርቶ፣ ሁለት ፉርጎ በአንድ ታሪክ ሊጠራ ይችላል።

4. ከሥሩ ግቡ

ፉርጎው ሐዲድ ላይ ከቆመ ጎማው በሁለቱም በኩል በታኮ ሳይያዝ ከሥሩ አትግቡ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ።

መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመስኮቱ ደፍ ቁመት ላይ ሲባጎ ወጥሩ። የእንጨት ፉርጎ ሲያረጅ መሃሉ ወይም ጫፎቹ ይወርዳሉ። ሥሩ ላይ ርዝመቱን ይዘው የሚሄዱ የብረት ዘንጎችና መሃል ላይ ማጥበቂያ ካያችሁ፣ ያ የእንጨት ወለል እንዳይጎብጥ የሚይዘው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆኑ የመንገደኛ ፉርጎዎች በብዛት መውጣት የጀመሩት ከ1907 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ እንጨት ገላ፣ ብረት ሻንሲ ያለው ፉርጎ ካገኛችሁ ወይ የመሸጋገሪያው ዘመን ነው፣ ወይ በኋላ የተጠናከረ ነው። የትኛው እንደሆነ ሪቬት (ተቀጥቅጦ ብረት ከብረት የሚያያይዘው ችንካር) እና ብየዳ ይነግሯችኋል፤ ሪቬት የበዛበት ሥራ ላይ ድንገት የብየዳ ስፌት ካያችሁ እዚያ ላይ የኋላ እጅ ገብቷል።

ቦጂውን፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዘውን ጋሪ፣ ለየብቻው መዝግቡ። ጎማና ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸ ዓመት ታገኙ ይሆናል። እሱ የጎማው ዓመት ነው። ጎማ ያልቃል፣ ይቀየራል፣ ቦጂም ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ይሄዳል። በ1950 በተሠራ ጎማ ላይ የቆመ የ1910 ገላ ምንም አያስገርምም።

ክብደትም ታሪክ አለው። «ፈርዲናንድ ማጄላን» የተባለው የአሜሪካው ፉርጎ ሠሪ የፑልማን ኩባንያ ፉርጎ በ1929 ለሀብታሞች ኪራይ ተሠራ። በ1942 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲለወጥ በብረት ሰሌዳና ጥይት በማይበሳው ወፍራም መስታወት ተሸፈነ፣ ክብደቱም 285,000 ፓውንድ ገባ፣ ወደ 129 ቶን ማለት ነው። በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለምርጫ ቅስቀሳ ዞረበት፣ በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን አንድ ቀን ተውሶ ተጠቀመበት። አሁን ማያሚ ውስጥ በሙዚየም አለ። የእናንተ ፉርጎ እንደዚህ ዝነኛ ላይሆን ይችላል፣ አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ሞላው ወይም ባሌስትራው ከእኩዮቹ የወፈረ ከሆነ አንድ ጊዜ ከባድ ነገር ተጭኖበታል። የውሃ ታንከር፣ ወጥ ቤት ወይም ጄኔሬተር ይሆናል።

መሬት ላይ ያለ ጎማ የተቀመጠ ገላ ከሆነ ደግሞ የት ላይ እንደተደገፈ እዩ። ፉርጎ የተሠራው ቦጂው ከሚገጠምባቸው ሁለት ቦታዎች እንዲሸከም ነው። ድጋፉ መሃል ላይ ብቻ ከሆነ ሌላውን ሥራ ትታችሁ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ።

5. ወለሉን አንብቡ

ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነው። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ምንጣፍና ላስቲክ ካለ ንብርብሩን አንድ በአንድ አንሱ። ከሥሩ ጋዜጣ ተነጥፎ ካገኛችሁ ቀኑን ፎቶ አንሱ፤ ያ ምንጣፍ ከዚያ ቀን በፊት ሊነጠፍ አይችልም። ስንት ዓመት ቆይቶ እንደተነጠፈ ግን ጋዜጣው አይናገርም።

ከዚያ የብሎን ቀዳዳዎችን በጠመኔ ክበቧቸው፣ የታፈኑትንም ጭምር። ካሬ ደብተር ላይ በልካቸው አስፍሩ። ተራ ይወጣል። በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ቀዳዳዎች የወንበር እግር ናቸው። በወንበርና በወንበር መካከል ሰፊ ርቀት አንደኛ ማዕረግ፣ ጠባብ ርቀት ዝቅተኛ ማዕረግ ነው። ሁለቱም ተደራርበው ካገኛችሁና ሰፊዎቹ በእንጨት ታፍነው ጠባቦቹ ክፍት ከሆኑ፣ ፉርጎው ማዕረጉ አንድ ጊዜ ወርዷል። የወንበሩን ቦታ ከመስኮቱ ጋር አስተያዩ፤ ተሳፋሪው ከመስኮት ይልቅ ግድግዳ ፊት የሚቀመጥ ከሆነ ያ አደራደር የመጀመሪያው አይደለም።

ሌሎች ምልክቶችን በፍጥነት ልጥቀስ። በግድግዳው ላይ ከወንበር በላይ ትልቅ የማጠፊያ አሻራ ካለ አልጋ ነበረው። የወለል ማፍሰሻ፣ በላሜራ የተሸፈነ ጥግና ጣሪያ ላይ ብዙ የአየር መውጫ ካለ ወጥ ቤት ነበረው። ጎኑ መሃል ላይ ሰፊ በር ተቆርጦ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ደረጃ የብረት መያዣ አሻራ ካለ ቃሬዛ ይጭን እንደነበር ጠርጥሩ፣ የሆስፒታል ባቡር። ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ ከሥሩ ወለሉ ከተቃጠለ ምድጃ ነበር፤ ይህ የሠራተኞች ማደሪያ ወይም የቤትነት ዘመን ነው።

6. ቀና በሉ፤ ኮርኒሱና መብራቱ

የመብራት ዓይነት ዘመን ይለያል። ኮርኒሱ ላይ ቀጭን የናስ ቱቦ፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የታንክ ማሰሪያ ካገኛችሁ ፉርጎው በጋዝ ይበራ ነበር። በግንቦት 1915 ስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ኩዊንቲንስሂል ላይ በደረሰው የባቡር ግጭት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ወደ ግንባር የሚጓዙ ወታደሮች ነበሩ። የእንጨት ፉርጎዎቹ የጋዝ መብራት ስለነበራቸው እሳቱን ማጥፋት አልተቻለም። የባቡር ድርጅቶች ጋዝን ትተው በጎማው የሚዞር ዲናሞና ባትሪ ወዳለው ኤሌክትሪክ የሄዱበት ትልቁ ምክንያት ይህ ዓይነቱ እሳት ነው። የቱቦ ፍሎረሰንት መብራት ካያችሁ ደግሞ ከ1938 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ለገበያ የቀረበው ያኔ ነው።

መሃሉ ከፍ ያለ፣ በጎኑ ትንንሽ መስኮቶች ያሉት ጣሪያ የቆየ ፋሽን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ አየር ማቀዝቀዣ ሲገባ ብዙዎቹን በአየር ማስተላለፊያ ሣጥን ሸፈኗቸው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ካያችሁ ከላዩ የቀለም መስታወት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ባለ ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታችሁ እዩ እንጂ ኮርኒሱን አትገንጥሉ።

7. ቀለሙን በንብርብር ክፈቱ

ማንም የማያየው፣ ፀሐይም ያልበዛበት ቦታ ምረጡ፤ የመያዣ ብረት ጀርባ ወይም የታርጋ ሥር ጥሩ ነው። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 240፣ ከዚያ 400፣ መጨረሻ 1000 ቁጥር ያዙ። ሁሌም በውሃ አርጥባችሁ ነው፣ አቧራው እንዳይነሳ። በጣታችሁ ክብ እያደረጋችሁ መሃሉን አጥልቁት፣ ጠርዙን ተዉት። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሲወጣ ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ተከታትለው ይታያሉ። በውሃ አርጥቡት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን አንሱት። ያጠባችሁበትን ውሃና ወረቀት ዘግታችሁ አስወግዱ።

እያንዳንዱን ንብርብር አንድ ሕይወት ብላችሁ አትቁጠሩ። አንድ ቅብ ብቻውን መሠረት፣ ቀለምና ቫርኒሽ ሊኖረው ይችላል። የሚፈለገው በንብርብሮቹ መካከል ያለው ጥቁር የጥላሸት መስመር ነው። እሱ ፉርጎው ተቀብቶ መንገድ ላይ ውሎ፣ ቆሽሾ እንደገና መቀባቱን ያሳያል። ሦስት ቦታ ክፈቱ። አንደኛው ቦታ ላይ ሰባት፣ ሌላው ላይ ሁለት ንብርብር ካገኛችሁ፣ ሁለተኛው ላሜራ የተቀየረ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማታ ሞክሩ። ባትሪውን ከጎኑ ጋር አስጠግታችሁ፣ ብርሃኑ ላሜራውን እየታከከ እንዲሄድ አድርጉ። በቀን ምንም የማይታይበት ጎን ላይ የድሮ ፊደላት ጠርዝ ጥላ ይጥላል። የኩባንያ ስም፣ የማዕረግ ቁጥር፣ አንዳንዴም ቀይ መስቀል። ካሜራውን በሦስት እግር አቁማችሁ መብራቱን ከአራት አቅጣጫ እየቀያየራችሁ አንሱ።

8. ቪስና ምስማር

አንድ መስመር ቀዳዳ ያለው ቪስ የድሮም የአሁንም ሊሆን ይችላል። የመስቀል ቀዳዳ ያለው የፊሊፕስ ቪስ ግን በፋብሪካ ሥራ ላይ የዋለው ከ1936 ጀምሮ ነው። በ1912 በተሠራ ፉርጎ ግድግዳ ላይ የመስቀል ቪስ ካገኛችሁ ያ ሰሌዳ አንዴ ወርዶ ተመልሷል። የነቀላችሁትን ቪስ ከረጢት ውስጥ ከቦታው ቁጥር ጋር አስቀምጡ፣ የዛገውንም ጭምር።

9. አሁን ወረቀት

ወደ መዝገብ ቤት ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ርዝመት፣ የመስኮት ብዛትና አደራደር፣ የቦጂ ርቀት፣ ያገኛችኋቸውን ቁጥሮች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የፑልማን ፉርጎ ከሆነ የኩባንያው መዛግብት ቺካጎ በሚገኘው ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ፑልማን ለእያንዳንዱ ዲዛይን የፕላን ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሎት ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በእነዚህ መፈለግ ይቻላል። የእንግሊዝ ከሆነ ዮርክ ያለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ጥሩ መነሻ ነው። ለሌላው ደግሞ የፋብሪካውን ንድፍ፣ የኩባንያውን የፉርጎ መዝገብና ከአገልግሎት የወጣበትን ዝርዝር ጠይቁ። የሽያጭ ደረሰኝ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፉርጎው ከሐዲድ ወጥቶ ለማን እንደሄደ የሚናገረው እሱ ነው።

10. የሕይወት ገጹን ጻፉ፣ ከዚያ ወስኑ

አንድ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ዘመን፣ ሥራ፣ ማስረጃ፣ የእርግጠኝነት ደረጃ። ደረጃው ሦስት ይሁን፤ የተረጋገጠ፣ የሚመስል፣ የተሰማ። የተረጋገጠ ለማለት ሁለት የማይገናኙ ማስረጃዎች ይኑሩ፤ ለምሳሌ የወለሉ ቀዳዳና የኩባንያው ንድፍ። የቤተሰብ ወሬና ከዚያው ወሬ የተጻፈ የጋዜጣ ዜና አንድ ማስረጃ ናቸው እንጂ ሁለት አይደሉም።

ወደ የትኛው ሕይወት እንመልሰው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው። ብዙ አካሉ የቀረለትን ዘመን ምረጡ፣ የሚያምረውን አይደለም። አንደኛ ማዕረግ ስለነበር ብቻ ምንም ያልተረፈለትን የቬልቬት ወንበር እንደ አዲስ ማሠራት ገንዘብም ይጨርሳል፣ እውነተኛውን የሠራተኞች ማደሪያም ያጠፋል። መርጣችሁም ቢሆን የአንድ መስኮት ስፋት ያህል ቦታ ከነግድግዳው ወረቀት፣ ከነምስማሩ፣ ከነቀለሙ ሳይነካ ተዉ። የምታነሱትን ሁሉ ቁጥር ሰጥታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። አዲስ የምትገጥሙት ዕቃ ጀርባ ላይ የተሠራበትን ዓመት ጻፉ፤ የእናንተም ሥራ የዚህ ፉርጎ አንዱ ሕይወት ስለሆነ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እንዳይደናገር። ሰንጠረዡን፣ ፎቶዎቹንና የድምፅ ቅጂዎቹን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የሰንጠረዡን አንድ የታተመ ቅጂ ደግሞ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፉርጎው ውስጥ፣ ከኤሌክትሪክ ሣጥኑ በር ጀርባ ለጥፉ።